ከጀርባው ቁጥር የሌለው አምበል

እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የግላስጎው ሴልቲክ ተጫዋቾች ለአገር ውስጥ ውድድር ሲሰለፉ በማሊያቸው ጀርባ ላይ ቁጥር አልነበረም። አረንጓዴና ነጩ አግድም መስመር እንዳይበላሽ ተብሎ ቁጥሩ የሚለጠፈው ቁምጣው ላይ ነበር። በዝናብና በጭጋግ መሃል ቆሞ የሚያይ ደጋፊ ተጫዋቹን የሚለየው በአቋሙና በአረማመዱ ነው። ፖል ማክስቴይን መለየት ደግሞ አያስቸግርም። አንገቱ ቀና ያለ፣ ኳሷ እግሩ ሥር ስትደርስ ወደ ታች የማያይ፣ ዓይኑ ከወዲያኛው መስመር ላይ ያለ ጓደኛውን የሚፈልግ ወጣት ካዩ እሱ ነው። ቁምጣው ላይ 8 ቁጥር አለ። ደጋፊው ማየስትሮ ይለዋል።

ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚናፍቀኝ አንድ ዓይነት የእግር ኳስ ሕይወት አለ። ልጁ ቤተሰቡ ሲደግፈው ለኖረው ክለብ በልጅነቱ ይፈርማል። እዚያው ያድጋል፣ እዚያው ያሸንፋል፣ እዚያው ይሸነፋል፣ እዚያው ጫማውን ይሰቅላል። ማክስቴይ ይህን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኖሮታል፤ ክፉውንም ደጉንም። ደጉ ሲያልቅ ጥሎ አለመሄዱ ነው ለእኔ የታሪኩ እምብርት።

የተወለደው በጥቅምት 1964 ከግላስጎው በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሃሚልተን ከተማ ነው። ላናርክሽር የሚባለው ይህ አካባቢ የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነበር። ከዚህ ምድር የወጡ ሁለት የማዕድን ጉድጓድ ልጆች የአውሮፓን እግር ኳስ ቀይረዋል፤ አንዱ ማት በዝቢ፣ ሌላው ጆክ ስታይን። ስታይን የማክስቴይ ከተማ ልጅ ነው፤ እዚያው ሃሚልተን በርንባንክ ሰፈር ተወልዶ፣ ከመሬት ሥር ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ በኋላ በ1967 ሴልቲክን በሊዝበን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። ያን ቀን ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 ያሸነፉት አሥራ አንዱም ተጫዋቾች ከሴልቲክ ሜዳ በ30 ማይል ርቀት ውስጥ የተወለዱ ነበሩ። ዛሬ ለሚሰማው ተረት ይመስላል። ማክስቴይ ያኔ የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ነበር፤ ሲያድግ የተነገረውም ይኸው ነው፤ የአካባቢው ልጆች አውሮፓን አሸንፈዋል።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዚያም የቆየ ታሪክ ነበረ። የአያቱ ወንድሞች የሆኑት ዊሊ እና ጂሚ ማክስቴይ ሁለቱም በጊዜያቸው የሴልቲክ አምበሎች ነበሩ፤ ጂሚ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ክለቡን በአሰልጣኝነት መርቷል። የፖል ታላቅ ወንድም ዊሊም ለሴልቲክ ተጫውቷል፤ ታናሹ ሬይሞንድም እዚያው ፈርሟል። ክለቡ ራሱ በ1887 የተመሠረተው ወንድም ዋልፍሪድ በሚባሉ መነኩሴ ሲሆን፣ ዓላማቸው በምሥራቅ ግላስጎው ለነበሩ የድሃ አየርላንዳውያን ስደተኞች ልጆች ምግብ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ስለዚህ ማክስቴይ በዚያ ሜዳ ላይ ሲገባ የሚለብሰው ማሊያ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ አደራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አገሩ ያወቀው በ1980 ነው። የስኮትላንድ ተማሪዎች ቡድን በዌምብሌይ እንግሊዝን 5 ለ 4 ሲረታ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ጨዋታ ያየ ሁሉ ሁለት ግብ ያስቆጠረውን የአሥራ አምስት ዓመት አማካይ ስም ጠየቀ። በጥር 1982፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ አሰልጣኙ ቢሊ ማክኒል በስኮትላንድ ዋንጫ ከኩዊን ኦፍ ዘ ሳውዝ ጋር በተደረገው ጨዋታ አሰለፈው። በሳምንቱ ወደ አበርዲን ይዞት ሄደ። አበርዲን ያኔ የአሌክስ ፈርጉሰን ቡድን ነው፤ በሜዳው ማንም ሰው ደስ ብሎት የማይጫወትበት። ሴልቲክ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ልጁም በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ግብ አገባ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሄልሲንኪ ላይ የስኮትላንድ ከ18 ዓመት በታች ቡድን ቼኮስሎቫኪያን 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን እሱም በቡድኑ ውስጥ ነበረ። ስኮትላንድ በወንዶች እግር ኳስ፣ በየትኛውም ዕድሜ ደረጃ፣ ያን የመሰለ ዋንጫ ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

አጨዋወቱን በቃል መግለጽ ይከብዳል፤ ግን ልሞክር። የዚያ ዘመን የስኮትላንድ ሊግ የጭቃና የግጭት ሜዳ ነበር። አማካይ ማለት መጀመሪያ የሚጋጭ፣ ቀጥሎ የሚያስብ ሰው ማለት ነው። ማክስቴይ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ወዴት እንደምትሄድ ወስኗል። በአንድ ንክኪ ሰውነቱን ያዞራል፣ በሁለተኛው ሠላሳ አርባ ሜትር አሻግሮ መስመሩን ይዞ ለሚሮጠው ጓደኛው እግር ሥር ያስቀምጣታል። ቀኙም ግራውም ይሠራል። አንዳንዶች ልስልስ ነው፣ አይጮህም፣ በአምበልነቱ ጡጫ አይጨብጥም እያሉ ያሙት ነበር። ይህ ሐሜት ያኔም ትክክል አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ሊግ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ የሁሉንም ቡድን ርግጫ የቻለ ሰው ልስልስ ሊባል አይችልም።

በ1986 በውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ላይ ሃርትስ አንድ ነጥብ ብቻ ቢያገኝ ሻምፒዮን ነበር። ሴልቲክ ሴንት ሚረንን 5 ለ 0 ሲቀጣ ማክስቴይ አንዷን አገባ፤ ሃርትስ ደግሞ ዳንዲ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ግብ ገባበትና ዋንጫው ወደ ግላስጎው መጣ። ያ ቀን ስለ ብዙ ሰዎች የሚተረክ ነው። የእሱ የራሱ ዓመት ግን 1988 ነው።

ሴልቲክ የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት የሚያከብርበት የውድድር ዘመን ነበር። ማክኒል ከአራት ዓመት የእንግሊዝ ቆይታ በኋላ ተመልሶ አሰልጣኝ ሆኗል። በመጋቢት ወር በከተማው ባላንጣ በሬንጀርስ ሜዳ በአይብሮክስ የተደረገውን ጨዋታ ቪዲዮ ዛሬም ባገኘሁት ቁጥር ቆሜ አያለሁ። ከማዕዘን ምት በኋላ የሬንጀርስ ተከላካዮች ኳሷን ወደ ውጭ ያወጧታል። እሷ ገና አየር ላይ ነች፤ ከታች ማክስቴይ ይጠብቃታል። ሌላ ሰው ቢሆን በደረቱ አቁሞ ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ በዚያ ጫጫታ መሃል ቸኩሎ ወደ ሰማይ የሚሰዳትም ብዙ ነው። እሱ ሰውነቱን ጋደል ያደርግና መሬት ሳትነካ ይመታታል። ኳሷ መረቡ ውስጥ ስትገባ የሚሮጥበት አኳኋን ደግሞ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ። ሴልቲክ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የሊጉ ነገርም ከዚያ ወዲህ አላጠራጠረም። በግንቦት ደግሞ በሃምፕደን በዳንዲ ዩናይትድ 1 ለ 0 ሲመራ የቆየው ሴልቲክ በፍራንክ ማክአቬኒ ሁለት ዘግይተው የመጡ ግቦች የስኮትላንድ ዋንጫን ጨመረበት። የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ተጫዋቾቹም ጋዜጠኞቹም የመረጡት ማክስቴይን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክፉው ዘመን ነው፤ የማክስቴይን ልክ የማውቀውም በእሱ ነው።

በ1985 ከሄይዝል ስታዲየም አደጋ በኋላ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ሲታገዱ ሬንጀርስ ቀዳዳውን አየ። በ1986 ግሬም ሱነስን ተጫዋችና አሰልጣኝ አድርጎ አመጣ፤ ሱነስም እንደ ቴሪ ቡቸር ያሉ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሰዎችን በገንዘብ እየጎተተ ወደ ሰሜን አሻገረ። ከ1989 ጀምሮ ሬንጀርስ ሊጉን ለተከታታይ 9 ዓመታት ወሰደ። ሴልቲክ በሌላ በኩል ስታዲየሙ እያረጀ፣ ዕዳው እየተከመረ፣ ባለቤቶቹ እርስ በርስ እየተጨቃጨቁ ቁልቁል ወረደ። በጥር 1990 አምበሉ ሮይ ኤይትከን ወደ ኒውካስል ሲሄድ የአምበልነቱ ክንድ ማሰሪያ ለማክስቴይ ተሰጠ። ቡድኑ ሲወድቅ መሪ ሆነ ማለት ነው። አሰልጣኞች መጡ ሄዱ፤ ማክኒል ተሰናበተ፣ ሊያም ብሬዲ መጣ፣ ሉ ማካሪ መጣ፣ ከዚያ ቶሚ በርንስ። በየሳምንቱ መሃል ሜዳ ላይ ያው 8 ቁጥር ነበር።

በ1992 ግንቦት ኮንትራቱ አልቆ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የአማካይ ምርጥ ዕድሜ። ወደ ውጭ እንደሚሄድ ሁሉም ያወራል፤ ቢሄድም የሚወቅሰው አልነበረም። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳቸው ከሂበርኒያን ጋር ነበር፤ ሴልቲክ ተሸነፈ። ፊሽካው ሲነፋ ማክስቴይ ጃንግል ወደሚባለው የደጋፊ ክፍል ሄደ። ጃንግልን ለአገራችን አንባቢ ካታንጋ ብል ይቀርበዋል፤ ወንበር የሌለው፣ ርካሹ፣ ድምፁ ግን ስታዲየሙን የሚያናውጠው ቦታ ነበር። ማሊያውን አወለቀና ወደ ሕዝቡ ወረወረው። እዚያ የነበሩት ሰዎች ስንብት መስሏቸው አለቀሱ።

አልሄደም። አዲስ ኮንትራት ፈረመ። የፈረመውም ዋንጫ ለማይታይበት፣ ገንዘብ ለሌለበት ቡድን ነው። ጃንግል ራሱ ግን በዓመቱ፣ በ1993፣ ተዘጋ። በሂልስቦሮ ስታዲየም ደጋፊዎች ተጨፍልቀው ካለቁ በኋላ ስታዲየሞች ሁሉ ወንበር እንዲኖራቸው በመታዘዙ ነው። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ሆኖም የእነዚያ ደረጃዎች ናፍቆት እውነተኛ ነው። በዚያው በ1992 የማዘርዌል ታላቁ የሬቨንስክሬግ ብረታ ብረት ፋብሪካም ተዘግቷል። ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚሄደው የላናርክሽር ሠራተኛ፣ ሥራውም የሚቆምበት ቦታም በአንድ ዓመት ልዩነት ጠፉበት። ማክስቴይ ቀረለት።

ለብሔራዊ ቡድን 76 ጊዜ ተሰልፎ 9 ግብ አግብቷል። ለሴልቲክ እየተጫወተ ይህን ያህል ጊዜ የስኮትላንድን ማሊያ የለበሰ ሌላ ሰው አልነበረም። በዩሮ 92 ኖርሾፒንግ ላይ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ምትክ የተሰለፈውን ቡድን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ በሩን የከፈተችው ከሩቅ የመታት ኳስ ነች፤ ቋሚውን ነክታ፣ ተመልሳ በግብ ጠባቂው ሰውነት ላይ ተንጥራ ገባች።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ። ኅዳር 27 ቀን 1994፣ የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ። ሴልቲክ አምስት ዓመት ተኩል ያለ ዋንጫ ቆይቷል። በመጋቢት ፈርገስ ማካን የሚባለው ነጋዴ የመክሰር አፋፍ ላይ የደረሰውን ክለብ ገዝቶ አድኖታል፤ ስታዲየሙ እየፈረሰ እየተሠራ ስለሆነ ቡድኑ የገዛ ሜዳው ላይ እንኳ አይጫወትም። ተጋጣሚው ከከርኮልዲ የመጣ፣ በአንድ ዲቪዚዮን ዝቅ ብሎ የሚጫወት ሬዝ ሮቨርስ ነው። መደበኛውና ተጨማሪው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። ፍፁም ቅጣት ምት። አምስቱም አምስቱም አገቡ። ሬዝ ስድስተኛውን አገባ። የሴልቲክን ስድስተኛ ለመምታት ከመሃል ሜዳ የወጣው አምበሉ ነበር።

ያን አካሄድ ያየ አይረሳውም። አይሮጥም፣ አይጎተትም፤ እንደወትሮው ይራመዳል። ኳሷን ያስቀምጣል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይመታል። ስኮት ቶምሰን ወድቆ ያወጣታል። ወዲያው የሬዝ ተጫዋቾች እየጮሁ ወደ ግብ ጠባቂያቸው ሲሮጡ ማክስቴይ ብቻውን ይቀራል። በዚያ ምሽት ስሙን የጠሩ ጋዜጦችና ደጋፊዎች ሁሉ አንድ ነገር ዘለሉ። በአምስት ዓመት መከራ ውስጥ ያን ቡድን ተሸክመው እዚያ ፍጻሜ ድረስ ካደረሱት ሰዎች ቀዳሚው እሱ ነው። ያን ኳስ ለመምታት የግድ እሱ መሆን አልነበረበትም፤ አምበል ስለሆነ ግን ወጣ።

እግዚአብሔር ደግ ነው፤ ስድስት ወር ብቻ ነው ያስጠበቀው። በግንቦት 1995 በሃምፕደን ፒየር ቫን ሁይዶንክ በጭንቅላት ባገባት አንድ ግብ ሴልቲክ ኤርድሪን አሸነፈ። ጨዋታው ውበት አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገር ያሰለቻል። ሆኖም ዋንጫውን ተቀብሎ ወደ ላይ ያነሳው ማክስቴይ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው። የሴልቲክ ሰዎች ያን ፎቶግራፍ የሚያዩበትን ዓይን ስመለከት ዋንጫው የእነሱ እንደነበር ያህል የእሱም እንዲሆን ይፈልጉ እንደነበር ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ቁርጭምጭሚቱ አስቸገረው። ዩሮ 96 በጉዳት አመለጠው። በ1997፣ ገና 32 ዓመቱ ሳለ፣ ከ670 በላይ ጨዋታ ለአንድ ክለብ ተሰልፎ፣ 72 ግብ አግብቶ፣ 3 የሊግና 4 የስኮትላንድ ዋንጫ ይዞ፣ በጉዳት ምክንያት ጫማውን ሰቀለ። የሚቀጥለው ዓመት ሴልቲክ ሻምፒዮን ሆነ፤ የሬንጀርስንም አሥረኛ ተከታታይ ድል ከለከለ። አምበሉ ለዚያ ቀን ሲታገል ኖሮ በአንድ ዓመት ቀደመው። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ወደ ኋላ ስንመለከት መስመሩ የተቆረጠበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ፤ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገው መሄድ ቻለ። ለተጫዋቾች ፍትሕ ነበር፤ የማንም ሠራተኛ መብት ነው። ነገር ግን በቴሌቪዥን ገንዘብ ያበጠው የእንግሊዝ ሊግ ጎረቤት ሆና ለምትኖር ለስኮትላንድ፣ የአካባቢ ልጅን እስከ መጨረሻው ማቆየት ከዚያ ወዲህ ከባድ ሆነ። ኪራን ቲየርኒን ያህል ሴልቲክን የሚወድ ልጅ የለም፤ እሱም በ2019 በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ አርሰናል ተሸጠ፤ የተመለሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አልፈርድበትም። ካለም ማክግሬገር ከክለቡ ማሠልጠኛ ወጥቶ አምበል መሆኑ ደግሞ መስመሩ ጨርሶ እንዳልሞተ ያሳያል፤ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ይሁንና ማክግሬገር የመራው የሚያሸንፍ ቡድን ነው። በሚያሸንፍ ቡድን ውስጥ መቆየትና በሚሸነፍ ቡድን ውስጥ መቆየት አንድ አይደለም።

ማክስቴይ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሄዷል። በ2002 ደጋፊዎች የሴልቲክን የምንጊዜም ምርጥ አሥራ አንድ ሲመርጡ ሰባቱን ቦታ የሊዝበን ጀግኖች ወሰዱ። የቀሩት አራቱ ዳኒ ማክግሬይን፣ ኬኒ ዳልግሊሽ፣ ሄንሪክ ላርሰንና ፖል ማክስቴይ ናቸው። ከአሥራ አንዱ መካከል የከፍተኛ ደረጃ ጨዋታ ዘመናቸውን በሙሉ በሴልቲክ ማሊያ ብቻ የጨረሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አምበሎች። አንዱ በሊዝበን የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው፣ በኋላም ያን የ17 ዓመት ልጅ ያሰለፈው ቢሊ ማክኒል ነው። ሌላው ልጁ ራሱ። ማክኒል ደጉን ዘመን መራ፣ ማክስቴይ ክፉውን፤ ከሁለቱ የከበደውን የተሸከመው ማክስቴይ ነው።